ያው ሻወር ኮምቦልቻ ላይ እየሞቀ ደሴ ላይ ለብ የሚለው ለምንድን ነው?

[ምስል፦ ሁለት አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሻወሮች ጎን ለጎን]

ከአንድ ሱቅ ሁለት ባለ 3.5 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሻወሮች ተገዙ እንበል። አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ ተገጠመ። የኮምቦልቻው ባለቤት ቅሬታ የለውም። የደሴው ግን በታኅሣሥ ጧት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይታጠብና «ፎርጅድ ነው የሸጣችሁልኝ» ብሎ ዕቃውን ይመልሳል። ዕቃው ደህና ነው፤ ልዩነቱ የሚገባበት ውሃ ላይ ነው።

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ይህን ልዩነት ይዞ ይወርዳል። ለሂሳብ እንዲመቸን የደሴውን 15፣ የኮምቦልቻውን 21 ዲግሪ እንበለው።

እንዲህ ያለው ፈጣን ሻወር ውሃውን ወደ ተወሰነ ዲግሪ አያደርስም። በገባው ላይ የተወሰነ ዲግሪ ይጨምራል፣ በቃ። ስንት እንደሚጨምር ለማወቅ ኪሎዋቱን በ14 አባዙና በደቂቃ በሚወርደው ሊትር አካፍሉት።

[በስክሪኑ ላይ፦ 3.5 × 14 ÷ 3 = 16 ዲግሪ ገደማ]

በደቂቃ 3 ሊትር ከወረደ ጭማሪው 16 ዲግሪ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 37 ይሆናል፤ ለገላ ይስማማል። ደሴ ላይ 31፤ ይህ ለብ ያለ ውሃ ነው፣ በብርድ ጧት ደግሞ ለብ ማለቱም አይታወቅም።

የራሳችሁን ፍሰት ለመለካት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በ40 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 3 ሊትር ነው፤ በ30 ሰከንድ ከሞላ 4 ሊትር። በ4 ሊትር ጭማሪው ወደ 12 ይወርዳል። ስለዚህ ሻወሩ አልሞቅ ሲል ቧንቧውን ይበልጥ መክፈት ነገሩን ያባብሰዋል። ጠበብ አድርጉት። ወደ 2 ሊትር ቢወርድ ደሴም ላይ 39 ዲግሪ ታገኛላችሁ፤ ግን ውሃው ክር ይሆናል፣ ብዙ ሻወሮችም በዚህ ፍሰት ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ጨርሶ አልበራ የሚለው ሻወርም ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ውስጡ በውሃ ግፊት የሚነሳ ማብሪያ አለ፤ ግፊቱ ካነሰ ኤሌክትሪኩን አያገናኝም። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። መለያው ላይ ዝቅተኛው ግፊት 0.3 ባር ከተባለ፣ የሮቶው ውሃ ከሻወሩ ራስ ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ቧንቧው ቀጭንና ክርን የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። መቆሚያውን ለማስረዘም ብየዳ ከመጥራታችሁ በፊት ግን ሻወሩ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን ፍቱና ወንፊቱን እዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ የሚደርሰው ውሃ ደለል ይዞ ነው፣ ደለሉም እዚያች ወንፊት ላይ ይቀራል። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት።

ታዲያ ደሴ ላይ 5.5 ኪሎዋት መግዛት አይሻልም? ለውሃው ይሻላል፤ በ3 ሊትር ወደ 26 ዲግሪ ይጨምራል፣ 41 ይደርሳል። ለመስመሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ከማከፋፈያው ሳጥን የሚነሳ የራሱ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ሽቦ፣ የራሱ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል፤ ሶኬት ላይ አይሰካም። ለሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ተቀጥሎ፣ መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ በናስትሮ ከተጠቀለለ፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ያ መገጣጠሚያ ነው። ምልክቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ብሬከር ነው። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ሲግል ዝም ብሎ የሚያይ ብሬከር ማስቀመጥ ነው።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ምጣዱ አለ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ነው፤ ከሻወሩ ጋር 41 አምፔር ይሆናል። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ዋና ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ከ41 ካነሰ፣ ምጣድ ላይ ያለው ሰው ሳይጨርስ ሻወር አይከፈትም።

ቮልቴጅም አለ። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ሲያበራ፣ ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት 220ው ወደ 180 ቢወርድ የማሞቂያው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። 5.5 የተባለው 3.7 ሆኖ ይሠራል። ጧት በደንብ እየሞቀ ማታ የሚበርድ ሻወር ካላችሁ፣ ሻወሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬት ላይ ቮልቴጁን በመልቲሜትር አስለኩ።

«ቧንቧውን ስነካው ይነዝረኛል» ለሚል ሰው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ብሬከሩን አውርዱ፣ እስኪስተካከል አትታጠቡበት። የማሞቂያው ሽቦ ሽፋን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እየገባ ነው፣ ወይም ቤቱ ግራውንድ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ድሮም ጥሩ አልነበረም፤ አሁን መስመሩ መሃል ላይ የፒፒአር ፕላስቲክ ስላለ ጨርሶ መሬት አይደርስም፣ ጎረቤትን ሊያስነዝር ይችላል። የራሱ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ በማሞቂያው መስመር ላይም በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ሲያፈስ ወዲያው መስመሩን የሚያጠፋ መሣሪያ) ይግባ። የሙከራ ቁልፉን በወር አንዴ ተጫኑት፤ ካልወረደ ሞቷል ማለት ነው፣ ይቀየር።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ 50 ሊትር ቦይለር፣ ከሥሩ ሁለቱ ቧንቧዎች]

ለደሴ ቤተሰብ የእኛ ምርጫ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነው። 1.5 ኪሎዋት ብቻ ይፈልጋል፣ 7 አምፔር አይሞላም፤ የራሱ ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ በ180 ቮልት ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ። 60 ዲግሪ የደረሰው ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለ90 ሊትር ገደማ የ38 ዲግሪ ውሃ ይበቃል። ቆጥበው ለሚታጠቡ አራት ሰዎች ይሆናል።

ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጭቃ ቤት ላይ ወይም ባዶ ብሎኬት ላይ በፊሸር ብቻ አይሰቀልም። ግድግዳውን አልፎ የሚወጣ ቡሎን፣ ከኋላው የብረት ሳህን አድርጉለት።

መጀመሪያ ሲሞላ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ይቆይ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ መግቢያውን። አየሩ እየተፋ ይወጣል፤ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ዝጉና አብሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄዳችሁ ማሞቂያው በአየር ውስጥ በርቶ በደቂቃዎች ይቃጠላል።

ቀዝቃዛ መግቢያው ላይ የምትገባው ትንሽ የደህንነት ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት። ሮቶው ባዶ ሲሆን ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች፣ ግፊት ሲበዛም ታንጠባጥባለች። ቀስቷ ወደ ቦይለሩ ማመልከት አለበት። 50 ሊትር ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ያ ትርፍ በዚህች ቫልቭ ጠብ ጠብ ሲል «ያፈሳል» ብሎ በቡሽ የሚደፍን አለ። ይህን በምንም ምክንያት አታድርጉ፤ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጭን ቱቦ አስገቡላትና ወደ ፍሳሽ ምሩት። ማሞቂያው ጠፍቶ በርዶም ማንጠባጠቡ ካልቆመ ግን ቫልቯ ቆሽሻለች ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

ውሃ በጠፋ ቀን ቦይለሩን በብሬከሩ አጥፉት፣ የሙቅ ውሃውንም ቧንቧ አትክፈቱ።

በሁለት ዓመት አንዴ ውሃውን አስፈስሳችሁ የታችኛውን ክዳን አስፈቱ። ማሞቂያው ላይ ነጭ ድንጋይ ከጋገረ በሆምጣጤ ይነከርና ይፋቃል፤ ቦይለሩ እንደ ማንቆርቆሪያ መጮህ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎኑ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ጋኑ እንዳይዝግ ራሱ ቀድሞ የሚበላ ነው። ከግማሽ በታች ከቀጠነ ቀይሩት፤ ክዳኑ ሲመለስ ጎማውም አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ጎማ ዳግመኛ አይገጥምም።