ጊብሰን ወይስ ፔድሮ?

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ እና ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ስትመላለስ የከረመች አንድ የቤዝቦል ክርክር አለች እሷን ነው የማወራችሁ። ሁለቱም ፒቸሮች፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው፣ ቦብ ጊብሰን በፈረንጆቹ 1968 ወይስ ፔድሮ ማርቲኔዝ በ2000፣ ማን ይበልጣል?

ቁጥሩን ዝም ብላችሁ ካያችሁት ያለቀ ነገር ነው፣ የጊብሰን ኢአርኤ 1.12፣ የፔድሮ 1.74። ኢአርኤ ለማታውቁት፣ ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ በአማካይ ስንት ራን (ነጥብ) እንደገባበት ነው፣ በተከላካይ ስህተት የገባው አይቆጠርበትም፣ ሲያንስ ይሻላል። ግን 1968 እኮ ዓመቱ ራሱ የፒቸሮች ነበር! ማውንዱ፣ ፒቸሩ ቆሞ የሚወረውርበት ጉብታ፣ 15 ኢንች ከፍታ ነበረው፣ ከፍ ሲል ደግሞ ፒቸሩን ይጠቅማል፣ ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች በአንዱ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ በባቲንግ (በመምታት) አንደኛ የወጣው ያስትርዘምስኪ 0.301 ነው የመታው፣ ከ10 ሙከራ 3 ያህል ማለት ነው፣ አስቡት አንደኛው ነው እንግዲህ። ወዲያው በዓመቱ ማውንዱን ወደ 10 ኢንች አወረዱት፣ ስትራይክ ዞኑንም፣ ፒቸሩ ኳሷን ማሳለፍ ያለበትን ክልል፣ አጠበቡት።

ፔድሮ ደግሞ ሁሉም ሆምራን (ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ) በሚመታበት ጊዜ ነው የወረወረው። የሱ ሊግ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ አማካይ ኢአርኤ 4.91፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው ክሌመንስ 3.70! ልዩነቱ ያስቃል በእውነት። ለዚህ ነው ዘመኑንና ሜዳውን የሚያስተካክለው ኢአርኤ ፕላስ የሚባለው ቁጥር፣ 100 አማካይ ሆኖ፣ ለፔድሮ 291 ለጊብሰን 258 የሚሰጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ክርክሩን ይዘጋዋል።

እኔ አልዘጋውም፣ ምክንያቱም ኢአርኤ ፕላስ ስንት ኢኒንግ ወረወርክ ብሎ አይጠይቅም። ጊብሰን ከ304 በላይ፣ ፔድሮ 217። እና ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ ሜዳውን ትተን፣ ከሊጉ አማካይ ፒቸር ጋር ሲነጻጸር ጊብሰን ወደ 63 ራን አዳነ፣ ፔድሮ ወደ 76። አሁንም ፔድሮ! ግን ቆይ፣ በ1968 አንድ ራን ውድ ነች፣ የጊብሰን ሊግ፣ የናሽናል ሊግ፣ አማካይ ኢአርኤ 2.99 ነበር፣ ሁለት ራን ብቻ ጨዋታውን ሊወስን ይችላል። 63ን ለ2.99 ስታካፍሉት 21 ይመጣል፣ 76ን ለ4.91 ስታካፍሉት 15 ተኩል ገደማ። ተገለበጠ። ሻካራ ሒሳብ ነው አውቃለሁ፣ ግን ዘመኑን የምታስተካክሉበት መንገድ መልሱን ራሱን ይቀይረዋል።

በነገራችን ላይ ጊብሰን በዚያ 1.12 ኢአርኤ እንኳን 9 ጨዋታ ተሸንፏል፣ የራሱ ቡድን ባተሮችም (መቺዎችም) ያው ያንን ረጅም ማውንድ ነው የሚጋፈጡት።

እኔ ነገ አንድ ጨዋታ ብቻ ቢኖረኝ ኳሷን ለፔድሮ ነው የምሰጠው፣ ሙሉ ሲዝን ከሆነ ግን ለጊብሰን። ከጀመራቸው 34 ጨዋታዎች 28ቱን ራሱ ጨርሷል እኮ! ፔድሮ የጨረሰው 7 ነው፣ በርግጥ በሱ ጊዜ ማኔጀሮቹ ቶሎ ነው የሚያወጡት፣ ስለዚህ ይሄን በሱ ላይ አልቆጥርበትም።