ጎሉንማ አየነው፤ ከጎሉ በፊትስ?

ሰላም ሰላም! ከባሕር ዳር ነን። ዛሬ ስለ ሃይላይት፣ ማለትም ከጨዋታ ተቆርጠው ስለሚታዩት ጎሎችና ዋና ዋና ቅጽበቶች ነው የምናወራው። ስልክ እጃችን ከገባ ወዲህ የቴሌቪዥኑ የሃይላይት ፕሮግራም ምን ሆነ?

መነሻውን ቶሎ ልበለው። የቢቢሲው የእግር ኳስ ሃይላይት ፕሮግራም ማች ኦፍ ዘ ዴይ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ያሳየው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ሊቨርፑል አርሰናልን 3 ለ 2። አንድ ጨዋታ! ዛሬ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ አጥቂው ገና ሳይመታት ቴሌግራም "ገባ!" ይላችኋል። የሳተላይቱ ምስል ዘግይቶ ነዋ የሚደርሰን።

አሁን አሳን አስቡልኝ። አዎ፣ አሳ! ጣና ዳር ሙሉ አሳ ተጠብሶ ሲቀርብላችሁ ጭንቅላቱም ጅራቱም አለ። ቀስ ብላችሁ ትፈለቅቃላችሁ። አጥንቱ በየት እንዳለፈ፣ ሥጋው የት ጋ እንደሚወፍር ታያላችሁ። አጥንቱ ወጥቶለት የሚመጣም አለ። ይጣፍጣል፣ ቶሎ ይበላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያቺ ቁራጭ ከአሳው ከየት ጋ ተቆረጠች ብትባሉ ምን ትላላችሁ? የስልኩ ጎል እንደዚያ ነው። ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ማን ነጠቃት? የትኛው ተከላካይ ቦታውን ለቀቀ? አጥንቱ የለም!

ቴክኒኩ ቀላል ነው። የቴሌቪዥን ምስል 16 በ9፣ የስልኩ 9 በ16። ሶፍትዌር የተመልካቹን ጩኸት ሰምቶ ጎሉን ይለያል፣ ኳሷን ተከትሎ ጎንና ጎኑን ይቆርጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል። በሌላው መስመር ተከላካይ አስከትሎ የሮጠው ልጅ ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው።

ቆይ ግን፣ ኮሜንት ላይ አንድ ነገር በዝቷል። የሌላ ሰው የጨዋታ ቪዲዮ ቆርጦ ስለመልቀቅ፣ "ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ማንም አይነካህም" የሚል። እዚህ ጋ እንቁም። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። አስርም አምስትም ሰከንድ የሚል የለም። ዩቲዩብ ከ2007 ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል ሥርዓት አለው። የመብቱ ባለቤት ቪዲዮውን ያስመዘግባል፣ የእናንተ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። "ምንጭ ጠቅሻለሁ" የምትሉ፣ ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ አይደለም። "ብር አልሠራሁበትም" የምትሉ፣ እሱም ፈቃድ አይደለም። ስንት የለፉበት ቻናል ሲዘጋ ማየት ያሳዝነኛል፤ የምደጋግመው ለዚህ ነው። እኛ ጎሉን ሰሌዳ ላይ እየሳልን የምናስረዳውም ለዚሁ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉን፣ ደወሏንም ንኳት!

ወደ ፕሮግራሙ ስንመለስ፣ ከ2025 ወዲህ ቢቢሲ ራሱ የቅዳሜን ሃይላይት ከማች ኦፍ ዘ ዴይ አስቀድሞ በድረ ገጹ ያወጣል። ጎል ማሳየት ብቻውን ሰው አያስቀምጥም ማለት ነው። በእኔ እምነት የቀረው ሥራ "እንዴት ገባ?" የሚለው ነው። እሱ ደግሞ ትልቁ ሥራ ነው። የእኛዎቹ የስፖርት ፕሮግራሞችም ጎሎቹን ከመደርደር አንዷን ጎል ይዘው አምስት ደቂቃ ቢቆዩባት እመርጣለሁ።

በሚቀጥለው እኛ እንጀምረዋለን። ከጣና ሞገዶቹ፣ ከባሕር ዳር ከተማ ክለብ ጎሎች የትኛው ሰሌዳ ላይ ይሳል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።