ከጋቢና የማይታየው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን መልእክት የሚልክልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል፤ «ያን ትልቁን ተሳቢ ቤት ገዛችሁ አሉ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ይከብዳል?» ይላል። እንግዲህ እሱኑ እናውራ።

ለማታውቁት፣ ፊፍዝ ዊል ማለት ከፒክአፕ መኪና ጋር ተያይዞ የሚሄድ ቤት ነው። ግን እንደ ተራው ተሳቢ ከመኪናው ጭራ ላይ አይንጠለጠልም። አንገቱ ከፍ ብሎ የፒክአፑ ጭነት መጫኛ ላይ ይመጣል። ከአንገቱ ሥር ወደ ታች የወጣ ወፍራም የብረት ዘንግ አለው፣ ኪንግ ፒን ይሉታል። ያ ዘንግ መጫኛው ውስጥ በቡሎን የታሰረው፣ ሂች የሚሉት የብረት መያዣ ላይ ይገባና የሂቹ መንጋጋ ይነክሰዋል። ከባድ መኪና የምትነዱ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ የእናንተው ነው፣ በመጠን አንሶ።

ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ክብደቱ የኋላ አክስሉ ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚያርፍ፣ ነፋስ ሲመታው ወይም ትልቅ መኪና በጎኑ ሲያልፍ ጭራውን አይወዘውዝም። እውነት ነው፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በጣም ደስ ይላል። ግን ፒክአፑ መጎተት ብቻ ሳይሆን መሸከምም አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ የሚነግሯችሁ ቁጥር የመጎተት አቅሙን ነው። «ይሄ መኪና ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ይጎትታል።» ይጎትት! እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ይሸከማል ወይ ብላችሁ ነው። የፊፍዝ ዊል ክብደት ከመቶ ከ15 እስከ 25 የሚሆነው በዚያ ዘንግ በኩል ቀጥታ ፒክአፑ ላይ ይጫናል። ተሳቢው ተጭኖ 12,000 ፓውንድ ቢሆንና ከመቶ 20 ብንይዝ 2,400 ፓውንድ ማለት ነው። ሂቹ ራሱ ብረት ነው፣ እሱም ይመዝናል። እናንተ አላችሁ፣ ቤተሰብ አለ፣ ዕቃ አለ። አሁን የሹፌሩን በር ከፍታችሁ መቃኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ብዙ ፒክአፕ እዚያ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ አይደለም የሚያንሰው፤ ባላስትራው፣ አክስሉና ጎማው ናቸው።

ሻጭ የሚነግራችሁ የተሳቢው ክብደት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ሳለ ነው። ውሃ ብቻ አንዱ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፤ 60 ጋሎን ሞልታችሁ ከወጣችሁ 500 ፓውንድ ጨመራችሁ። ስለዚህ ግምቱን ተዉትና፣ የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ቤታችሁን እንደምትጓዙበት ጭናችሁ ውጡ። የፒክአፑ የፊት አክስል፣ የኋላው፣ የተሳቢውም ስንት እንደተሸከሙ ለየብቻ ይነግራችኋል። ከጋቢና ተቀምጦ «አልከበደውም፣ እየሄደልኝ ነው» ማለት ምንም ማስረጃ አይሆንም። የዛሬ መኪና ከልክ በላይ ጭኖም ፀጥ ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። ይሄ ሙያ ከሹፌሩ ወንበር ላይ አይታይም። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ደግሞ መውረድ ይከብደዋል። ወርዶ ማየት የጀማሪ ምልክት ይመስለዋል።

ወደ ማያያዙ ልምጣ። እኔን ያስተማረኝ ከባድ መኪና ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ባዶ ሜዳ ላይ ወሰደኝና መጀመሪያ ታኮ አስደረገኝ፣ ከተሳቢው ጎማዎች ፊትም ኋላም። ቀጥሎ የፒክአፑን የኋላ ስፖንዳ አወረድን። ከዚያ ቁመት። ተሳቢው የፊት እግሮች አሉት፣ በነሱ ከፍ ዝቅ ይላል። የተሳቢው ሳህን፣ ማለትም ዘንጉ የወጣበት ጠፍጣፋ ብረት፣ ከሂቹ ሳህን በትንሹ ዝቅ ማለት አለበት፤ ሂቹ ከሥሩ ሲገባ ገፋ አድርጎ እንዲያነሳው ማለት ነው። ከፍ ካለ ግን ጉድ ነው። መንጋጋው የዘንጉን አንገት መያዝ ሲገባው ጫፉን ብቻ ይይዛል፣ ወይም ዘንጉ መንጋጋው ላይ ቁጭ ይላል። ከጋቢና ስታዩት ግን ተያይዟል።

ቀስ ብዬ በሪትሮ ገባሁ። ቀጭ አለ። ድምፁ ደስ ይላል፣ ብረት ብረት ላይ ሲዘጋ።

«ገባ፣ ጋሼ!» አልኩ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰማሁት እኮ። የሂቹ እጀታም ተመልሷል፣ ይታያል።»

«ጆሮህን ማን ጠየቀው? ውረድና ዘንጉን እይ። እጀታው ምን ያውቃል!»

ወረድኩ። መብራት ይዤ መጫኛው ውስጥ ገብቼ ተንበረከክሁ። እዚያ የምታዩት ይሄ ነው፦ ከላይ ሁለቱ ሳህኖች፣ በመካከላቸው በግራሶ የጠቆረ መስመር። መስመሩ ላይ መብራቱን ስታበሩ ብርሃን በወዲያ በኩል ማለፍ የለበትም። ካለፈ ክፍተት አለ፣ አልተቀመጠም። ቀጥሎ ዝቅ ብላችሁ መንጋጋው ዘንጉን ከኋላው ዞሮ አንገቱ ላይ መያዙን ታያላችሁ። ግራሶው እጃችሁን፣ እጅጌያችሁን፣ አንዳንዴም ግንባራችሁን ይነካል። ጋሼ እኔን ከላይ አይቶ፣ «አሁን ገብቷል በል» አለኝ።

ከዚያ እጀታው እንዳይከፈት የሚይዘው ፒን ይገባል። የኤሌክትሪኩ ገመድ ይሰካል፣ ሰባት እግር ያለው ነው፤ ፍሬቻውም፣ መብራቱም፣ የተሳቢው ፍሬንም በሱ ነው የሚሠሩት። አንዲት ቀጭን የብረት ገመድ ደግሞ አለች፣ እሷን አትናቋት። ተሳቢው ከመኪናው ቢለቅ ገመዷ ትሳብና ተሳቢው በራሱ ባትሪ ፍሬን ይይዛል። የምትታሰረው መኪናው ላይ ነው እንጂ ሂቹ ላይ አይደለም። ሂቹ ራሱ ተነቅሎ ቢወጣ ሂቹ ላይ የታሰረች ገመድ ምን ትጠቅማለች?

በመጨረሻ መፈተኑ ይመጣል። ታኮው እንዳለ፣ የተሳቢው እግሮች ከመሬት ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብለው፣ የተሳቢውን ፍሬን ጋቢና ውስጥ ባለው የእጅ መቆጣጠሪያ ይዛችሁ ፒክአፑን በቀስታ ወደ ፊት። ካልተቆለፈ ዘንጉ ይወጣል፣ ተሳቢው ግን በእግሮቹ ይቆማል፣ ምንም አይሆንም። እግሮቹን አስቀድማችሁ እስከ ላይ ካነሳችሁ ግን የሚወድቀው የፒክአፑ የጎን ስፖንዳዎች ላይ ነው።

እንዲህ የሆነበት ሰው ካምፕ ውስጥ፣ ተሳቢ ቤቶች የሚያርፉበት ቦታ፣ አይቻለሁ። የፒክአፑ ሁለቱም ጎን እኩል ተጨረማምቷል፤ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ብረቱ ይታያል። ቤቱ አፍንጫውን ፒክአፑ ላይ ደፍቶ ቆሟል። ሰው ተሰበሰበ፣ ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ አንድ በአንድ ሁሉም የየራሱን ሂች ሊያይ ሄደ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ይሄን ስትሠሩ ሰው መጥቶ ያዋራችኋል። የካምፕ ሰው ጨዋ ነው፣ ወሬ ይወዳል። ሰላምታውን በደንብ መልሱ፣ ሲሄድ ግን ከታኮው ጀምራችሁ እንደገና እዩ። እኔ «ይቅርታ፣ ይሄን ልጨርስና መጣሁ» ማለት ተለማምጃለሁ፤ የተቀየመኝ የለም።

መንገድ ላይ ያለውን ቶሎ ልለፈው። መታጠፊያ ላይ ተሳቢው ውስጥ ውስጡን ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ መሪውን ቶሎ አታዙሩ፣ ወደ መገናኛው ጠለቅ ብላችሁ ግቡና ከዚያ ዙሩ፤ ጎማውንም በስፖኪዮ ተከተሉት። የተሳቢውን ፍሬን ጭር ያለ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ በእጅ መቆጣጠሪያው ብቻ ሞክሩት። ወደ ኋላ ሲይዛችሁ ሊሰማችሁ ይገባል፣ ጎማው ግን መቆለፍ የለበትም። ጎማ ካልኩ አይቀር፣ የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። አንዳንዶቹ የሚችሉት ፍጥነትም በሰዓት 65 ማይል ብቻ ነው። ፒክአፑ ግን 80 እየሄደ እንኳ አይነግራችሁም።

ቁመቱን ግን ራሳችሁ ለኩ። ከእነዚህ ቤቶች ትልልቆቹ ወደ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ይጠጋሉ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አትመኑ፣ የናንተ ሂች ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ከፒክአፑ ጋር አያይዛችሁ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከጣሪያው ኤሲ ጫፍ እስከ መሬት ለኩና ጽፋችሁ ክሩስኮቱ ላይ ለጥፉት። ስልካችን ላይ ያለው ተራ ካርታ ቁመታችሁን አይጠይቅም፣ ድልድይ ሥር ይዟችሁ ይገባል።

በሪትሮ ማስገባት! ይሄ የትዳር ፈተና ነው፣ አልዋሻችሁም። እጃችሁን መሪው ታች ላይ አድርጉ፤ እጃችሁ በሄደበት የተሳቢው ጭራ ይሄዳል። ፊፍዝ ዊል ከተራው ተሳቢ ዘግይቶ ነው የሚሰማችሁ። ታዞራላችሁ፣ ምንም የለም፣ የበለጠ ታዞራላችሁ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይታጠፋል። ትንሽ አዙሮ መጠበቅ ይሻላል። መታጠፍ ከጀመረ በኋላ መሪውን መልሳችሁ ተከተሉት። ከተቻለ ደግሞ በሹፌሩ ወገን አስገቡት፣ በረዳቱ ወገን ከሆነ የተሳቢው ጎን ይጋርዳችኋል።

እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያ የተስማማነው «ግራ» እና «ቀኝ» የሚባሉ ቃላት እንዲቀሩ ነው። እሷ ከኋላ ወዳለው ቦታ ዞራ ስትቆም ግራዋ የኔ ቀኝ ነው፣ ማንም ሳያጠፋ እንጣላለን። አሁን «ወደ ሹፌር»፣ «ወደ ረዳት» ነው የምንለው። ስልክ ተደዋውለን እናወራለን፣ ጩኸት የለም። ስፖኪዮ ውስጥ ካጣኋት ደግሞ እቆማለሁ፣ ያለ ምንም ክርክር። አንድ ጊዜ እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ መሬቱን ሳይ ጣሪያውን ማን እያየልህ ነው?» እውነቷን ነው። አስገቢ ሰው ጉቶና ድንጋይ ያያል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ግን ከላይ ነው ያለው። «አንቺ ታች እዪ፣ ላዩን እኔ ወርጄ አያለሁ» ብያት ተከፋፈልን። በቃ፣ ቆም፣ ውረድ፣ ዙረህ እይ፣ ተመለስ። ከኋላ የሚጠብቅ መኪና ካለም ይጠብቅ።

ቦታው ከተያዘ በኋላ ከፒክአፑ ሳትላቀቁ ጎን ለጎን ያለውን ደረጃ አስተካክሉ፣ ዝቅ ባለው ወገን ጎማ ሥር ጣውላ በማስገባት። ሲላቀቅ እሱን ማስተካከል አይቻልም። ፊትና ኋላው ከተላቀቀ በኋላ በእግሮቹ ይስተካከላል። አንዳንድ አዳዲሶቹ አዝራር ሲጫኑ በሃይድሮሊክ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ታኮ ግን አዝራር የለውም፣ በእጅ ነው። ኪንግ ፒኑ አልላቀቅ ካለ መንጋጋው ላይ ጫና አለ ማለት ነው፤ ፒክአፑን ትንሽ ወደ ኋላ አስጠጉትና ሞክሩ፣ በመዶሻ አትታገሉት።

የሚወጡትን የግድግዳ ክፍሎች፣ ስላይድ የሚሏቸውን፣ ቤቱ ደረጃው ሳይስተካከል አታውጡ፣ ይጣመማሉ። ከማውጣታችሁ በፊት ውጭውን ዙሩ፣ ግንድ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለ እንደሆነ። ውስጡንም እዩ፤ መንገድ ላይ ተከፍቶ የወደቀ መሳቢያ አዝራሩ ጋ ሆናችሁ አይታያችሁም።

ኤሌክትሪኩን ከመሰካታችሁ በፊት ምሰሶው ላይ ያለውን ማብሪያ አጥፉ፣ ከኃይል መዋዠቅ የሚጠብቀውን መከላከያ አስቀድሙ። የ50 አምፑ ሶኬት ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመር ስለሆነ 12,000 ዋት ይሰጣል። የ30ው 3,600 ብቻ ነው። በአስማሚ 50ውን 30 ላይ መሰካት ይቻላል፣ መብራቱ ግን አይበዛም፤ ሁለት ኤሲ አብርቶ ማይክሮዌቭ የሚነካ ሰው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ውሃ ሲገባ የግፊት መቀነሻ አድርጉ፣ የአንዳንዱ ካምፕ ግፊት ቱቦ ያፈነዳል። የውሃ ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ ከማብራታችሁ በፊት ታንኩ መሙላቱን በሙቅ ውሃው ቧንቧ አረጋግጡ። ባዶውን ከበራ ማሞቂያ ዘንጉ ወዲያው ይቃጠላል።

ስለ ቆሻሻ ውሃው ታንክ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ሌላ ቀን ይሁን። ለጊዜው ግን የመጸዳጃውን ታንክ ቫልቭ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት። ፈሳሹ ብቻ ይሄድና ሌላው ይቀራል። ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዝጉት፣ መጀመሪያ እሱን አፍስሱ፣ ቀጥሎ የእጅና የገላ መታጠቢያውን፣ እሱ ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት አድርጉ። በሉ ደህና ሰንብቱ።