ከአመዱ ውስጥ የሚለቀም ከሰል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

እናቴ እዚሁ ጎንደር ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ በወንፊት ስትነፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። የወረደው ይደፋል። ሳይነድ ያደረው ከሰል ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ ለከሰዓት ቡና ይቀመጣል። አንዲት ፍሬ አትጥልም ነበር።

የኒውክሌር ነዳጅም እንዲሁ ነው። የጣት ጫፍ የምታህል የዩራኒየም እንክብል ሬአክተር በሚባለው የኒውክሌር ምድጃ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ትቆይና «ያገለገለች» ተብላ ትወጣለች። ግን 95 በመቶ ያህሏ አሁንም ዩራኒየም ነው። 1 በመቶ ገደማ ፕሉቶኒየም የሚባል፣ እሱም የሚነድ ንጥረ ነገር ሆኗል። እውነተኛው አመድ 4 በመቶ ቢሆን ነው።

ወንፊቱ ግን ከባድ ነው። ነዳጁ ለዓመታት ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ተቆራርጦ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟና ዩራኒየሙና ፕሉቶኒየሙ ከአመዱ ይለያሉ። ፈረንሳዮች ላ ሃግ በሚባል ፋብሪካቸው ይህን ይሠራሉ። ፕሉቶኒየሙ ከዩራኒየም ጋር ተቀላቅሎ ሞክስ የሚባል ነዳጅ ይሆናል። በተለመደው የውሃ ሬአክተር ሞክስ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚነደው። ደጋግሞ ለማንደድ ፈጣን ኒውትሮን የሚጠቀም፣ በቀለጠ ሶዲየም የሚቀዘቅዝ ሬአክተር ያስፈልጋል። የሩሲያው ቢኤን-800 ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሞክስ ሠርቷል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከአመዱ ውስጥ ዋነኞቹ ሲሲየምና ስትሮንቲየም በየ30 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳሉ። በ300 ዓመት ከሺህ አንድ እጅ ይቀራሉ። 300 ዓመት ከፋሲል ግንብ ዕድሜ ያንሳል! የፕሉቶኒየም ግማሹ እስኪጠፋ ግን 24,000 ዓመት ይፈጃል። ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሸክም ነው፤ ብናነደው ይሻላል ባይ ነኝ።

አደጋውን አልደብቃችሁም። ከአመዱ ተለይቶ የወጣ ፕሉቶኒየም ቦምብ ሊሠራበት ይችላል። ህንድ በ1974 እ.ኤ.አ. ያፈነዳችው ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ወንፊቱ እኛ ጋ ይተከል አልልም።

መስከረም 2018 ሀገራችን ስለ ኒውክሌር ጣቢያ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ስትፈራረም፣ እኔ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ መብራቱ ነበር። ያገለገለው ነዳጅ የት ያድራል? ማን ይወስደዋል? ለኢራኑ ቡሽህር ጣቢያ ሩሲያ ነዳጁን መልሳ ለመውሰድ ተስማምታለች። ከእናንተ መሐል ነገ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ አይጠፋም። አደራችሁን፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይጣል ይህ በጽሑፍ ይቀመጥልን በሉ።

አመሰግናለሁ።