ስድስት ፔኒ ያለበት ፑዲንግ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሻይዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ውጭ የሊድስ ዝናብ ይዘንባል። ስለ ምግብ ላውራችሁ፤ ስለ እንግሊዞች የገና ምግብ።

እዚህ አገር ያለን አበሾች ስንገናኝ የማትቀር ነገር አለች። «የእንግሊዝ ምግብ እኮ ጣዕም የለውም።» እኔም ብያለሁ፣ ደጋግሜ። አሁን ግን አልልም። ቢያንስ የገናውን አልልም።

በመጣሁበት ዓመት ኬር ነበር የምሠራው፣ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን መርዳት። ዲሴምበር 25 ማን ይገባል ሲባል እኔ እገባለሁ አልኩ፤ የእኛ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ያን ቀን አውቶቡስ አልነበረም። ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ ሄጄ አንዲት ትልቅ እናት ቤት ደረስኩ። ስማቸውን አልጠራም፣ በልቤ እማማ ነው የምላቸው።

በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ። የሻይ ቅመማችን ሽታ እኮ ነው! ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ።

ጠረጴዛው ላይ የሁለት ሰው ሳህን ቀርቧል። ተርኪ የሚሉት ትልቅ ወፍ አለ፣ በዝይ ስብ የተጠበሰ ድንች አለ፣ በቤከን የተጠቀለሉ ትናንሽ ቋሊማዎች፣ ነጭ ካሮት የሚመስለው ፓርስኒፕ፣ ግሬቪ የሚሉት የሥጋ መረቅ። ቀኑ ግን በእኛ ታህሳስ 16 ነው፣ ጾመ ነቢያት። እማማ ጠዋት ተነስተው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ የእያንዳንዷን ብራስልስ ስፕራውት ሥር በቢላ በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቀው ቀቅለው አቅርበዋል፤ ያቺን አውራ ጣት የምታክል ጥቅል ጎመን። እና እኔ አልበላም ልላቸው ነው። አፌ ተሳሰረ።

እንደምንም አስረዳኋቸው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቅቤ ያልነካው ስፕራውትና አንድ መንደሪን ሳህኔ ላይ አደረጉልኝና «ጾምሽ መቼ ነው የሚፈታው?» አሉኝ። ጃንዋሪ 7 አልኳቸው። «እንግዲያው ፑዲንጉ ይጠብቅሻል።»

እንዴት ይጠብቃል? ያኔ አልገባኝም ነበር።

ክሪስማስ ፑዲንግ ማለት ዘቢብ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ጥቁር ስኳር፣ እንቁላል፣ ቅመምና የበሬ ሞራ አንድ ላይ ተለውሶ፣ ብራንዲ ገብቶበት፣ በጎድጓዳ ሳህን ታስሮ ለሰዓታት በእንፋሎት የሚበስል ነገር ነው። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው። በልማዱ የሚሠራው ገና ሊደርስ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ቀኑ ራሱ ስም አለው፣ ስተር አፕ ሰንደይ ይሉታል፣ አድቬንት ከሚሉት የገና መዘጋጃ ወቅት በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እሁድ። ስሙ የመጣው ከጸሎት ነው። ያን እሁድ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን «አቤቱ፣ የምእመናንህን ፈቃድ አነሳሳ» ተብሎ ይጸለያል፣ በእነሱ ቋንቋ ደግሞ «አነሳሳ» እና «አማስል» አንድ ቃል ነው። ጸሎቱን የሰማ ሰው ቤቱ ገብቶ ፑዲንጉን ያማስላል። ቤተሰቡ በየተራ ነው የሚያማስለው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሰብአ ሰገል በመጡበት አቅጣጫ። የሚገባው ነገር ደግሞ 13 ዓይነት መሆን አለበት ይላሉ፣ ለክርስቶስና ለ12ቱ ሐዋርያት። ዶሮ 12 ብልት አላት ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ይሄ ለእኔ ባዕድ አልሆነብኝም።

ከዚያ ይቀመጣል። ስኳሩ፣ የደረቀው ፍሬና ብራንዲው እንዳይበላሽ ያደርጉታል፣ እየቆየ ጣዕሙ ይበስላል። እስከ ሚቀጥለው ገና የሚያቆዩትም አሉ። ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ በማይክሮዌቭ አሙቃችሁ ጣዕም የለውም አትበሉ፣ እባካችሁ። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነበር የፈረድኩበት።

ተርኪው ላይ ብዙ አልቆይም። ከአሜሪካ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ብዙ ቤት የሚታረደው ዝይ ነበር። ሚንስ ፓይ የሚሉት ትንሽ የገና ኬክ («ሚንስ» የተፈጨ ሥጋ ማለት ነው) ድሮ እውነተኛ የበግ ሥጋ ነበረበት፣ አሁን ፍሬና ቅመም ብቻ ሆኖ ስሙ ቀረ። እዚህ ዮርክሸር ደግሞ የገና ኬክን ከዌንስሊዴል ቺዝ ጋር ነው የሚበሉት፤ ሳትቀምሱ አትፍረዱ። ሕዝቡ ለዚህ በዓል ተጣልቷል እኮ። በ1647 ፓርላማው ገናን ሲሽር ካንተርበሪ ከተማ ረብሻ ተነሳ፣ ታሪክ ላይ በፑዲንግ ስም ነው የሚጠራው።

ወደ እማማ ልመለስ። በጃንዋሪ 7 ቅዳሴ አድሬ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። የገናውን ጌጥ ሁሉ አውርደውታል፤ ከጃንዋሪ 6 ካለፈ ገደቢስ ነው ይላሉ። አንዲት ሆሊ የሚሏት የገና ጌጥ እሾሃማ ቅጠል ግን አስቀርተዋል። እንግሊዞችም እስከ 1752 ድረስ በድሮው አቆጣጠር ነበሩ፣ ሲቀይሩ 11 ቀን ዘለሉ፣ ከዚያ በኋላም «የድሮ ገና» ብለው ጃንዋሪ ላይ ማክበር ያልተዉ ሰዎች ነበሩ። እማማ ይህን ያውቁ ነበር። «ዛሬ የድሮው ገና ነው» አሉኝ።

ፑዲንጉ ምድጃ ላይ ሁለት ሰዓት በእንፋሎት ሲሞቅ ቆየ። ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ሆሊዋን አናቱ ላይ ሰኩ። ብራንዲ በጭልፋ አሙቀው «መብራት አጥፊ» አሉኝ። አጠፋሁ። ክብሪት ጫሩ። ሰማያዊ እሳት ከአናቱ ወደ ጎኑ ፈሰሰ፣ ድምፅ የሌለው እሳት፤ ፊታቸው በዚያ ብርሃን የልጅ ፊት መሰለኝ። ሁለታችንም እስኪጠፋ አልተናገርንም።

ሁለተኛው ጉርሻዬ ላይ ጥርሴን አንድ ነገር ነካው። የስድስት ፔኒ ሳንቲም። በ1980 መገበያያነቷ ያበቃ፣ ከእናታቸው የወረሷት። ፑዲንጉ ውስጥ ይደብቋታል፣ ያገኛት ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይላሉ። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፣ በሞቀ ውሃ አጠቧት፣ በጨርቅ አደረቋትና ወደ ትንሿ ቆርቆሮ መለሷት። ለሚቀጥለው ዓመት ናት።