ድረ-ገጻችን ማንን ያነጋግር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የማነጋግራችሁ ከደሴ ነው። በዚህ ክፍል የማካፍላችሁ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚሟገተው ማኅበራችን የመጪውን ዓመት የድረ-ገጽና የማኅበራዊ ሚዲያ ዕቅድ ሲያወጣ በአእምሮዬ ሲመላለስ የሰነበተውን ሐሳብ ነው።

በረቂቁ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ ግብ የፌስቡክ ተከታዮችን ማብዛት ነው። እኔ ግን መነሻችን ይህ መሆን የለበትም እላለሁ። የውትወታ ሥራ የሚጀምረው ጉዳዩን መወሰን የሚችለው ማን እንደሆነ ከመለየት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ሆኖም በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በተዳፋት ላይ በተቆረቆረችው ከተማችን በደረጃ ብቻ የሚገባባቸው መሥሪያ ቤቶች ዛሬም አሉ። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያና በጀት የሚያጸድቀው የምክር ቤት አባል ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ድረ-ገጻችንን ሲከፍት የአንቀጹን ሙሉ ቃል፣ የመግቢያውን ፎቶ ከተነሣበት ቀን ጋር፣ የደረጃውን ቁመት፣ ለዊልቸር መወጣጫ የሚሆነውን ቦታ ልክ፣ እንዲሁም ያስገባነውን ደብዳቤና የተሰጠንን መልስ በአንድ ገጽ ላይ ማግኘት አለበት። ፌስቡክ ላይ የወጣ ጽሑፍ በቀናት ውስጥ በሌላ ይሸፈናል፤ በድረ-ገጹ ላይ የተቀመጠው ግን ኃላፊው ቢቀየር እንኳ ተተኪው ያገኘዋል።

ስለ ፎቶ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ እኅታችንን ከደረጃው ሥር አሳዝኖ ማሳየት ከንፈር ያስመጥጣል እንጂ መወጣጫ አያሠራም። ጥፋቱ የደረጃው ስለሆነ ካሜራው ወደ ደረጃው ይዙር፤ እርሷም መናገር ከፈለገች፣ ምስሏ የት የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ተነግሯት በፈቃዷ ትናገር።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላም ጉዳይ አለ። የስብሰባ ጥሪ ብዙ ጊዜ ያማረ ፖስተር ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የሚገኙት ግን በምስሉ ውስጥ ብቻ ነው። ማየት የተሳናቸው አባሎቻችን ስልካቸው ጽሑፉን ወደ ድምፅ እየለወጠ ሲያነብላቸው ከዚያ ሲደርስ ፎቶ መሆኑን ብቻ ተናግሮ ያልፋል፤ ያውም በገዛ ማኅበራቸው ጥሪ ላይ! ስለዚህ በምስል ላይ ያለ መረጃ ሁሉ ከሥሩ በጽሑፍ ይደገም፤ ቪዲዮም መስማት ለተሳናቸው የሚነበብ ጽሑፍ ይኑረው።

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ወሎ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። ዕቅዱ እንዲህ ያለውንም ጊዜ ማሰብ ይኖርበታል። የአባላት ስልክ ቁጥር በመዝገብ ላይ ተጽፎ በየጊዜው እንዲታደስና መልእክቱ በኤስኤምኤስ እንዲደርሳቸው፣ በባቲ የሰኞ ገበያም በድምፅ ማጉያ እንዲነገር፣ ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ለፌስቡክ ማስታወቂያ ከተያዘው ላይ እንዲቀነስ በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ።