ባለ ኮቱ እጃቸውን ያነሡ ዕለት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ሕንጻችን ሊፍት የገባሁላችሁን ቃል ዛሬም አልፈጽምም፤ ሊፍቱ እንደሆነ የትም አይሄድም፣ የቆመበት ቆሞ ይጠብቀናል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባለ ኮቱ፣ ከኮታቸው ስለማይለዩት የቡና ቤት ወዳጃችን ነው። ማን እንደሆኑ የማታውቁ ካላችሁ የቆዩት አድማጮች ያስረዷችኋል፤ እኔ የምጨምረው ነገር ቢኖር የዘንድሮም በጋ ያን ኮት ሊያስወልቃቸው እንዳልቻለ ብቻ ነው። እህቴ ስለ ምን እንደማወራ ስትሰማ «አደራሽን» ብላኛለች። አደራዋን ተቀብያለሁ፤ እንዴት እንደምወጣው ግን ገና አላወቅሁም።

ነገሩ የተነሣው ሰሞኑን ነው። እዚያችው ቡና ቤት ሰብሰብ ብለን ስንጫወት ወሬው እንደ ልማዱ ከዘይት ዋጋ ተነሥቶ ምክር ቤት ደረሰና፣ አንዱ «ከእንግዲህ ደግሞ ማንን በአሸባሪነት ይፈርጁ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ወደ ባለ ኮቱ ዞር ብዬ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጊዜ እጅዎን አንሥተው ደግፈው የለም እንዴ?» አልኋቸው። ለጨዋታ ያህል ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ብርጭቋቸውን ወደ ጠረጴዛው መኻል ገፋ አደረጉና፣ «እኔ? እኔ እጄን ያነሣሁት ሒሳብ ልከፍል ነው» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ወሬው ወደ ዘይት ተመለሰ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያን ዕለት ከመጀመሪያው እየጀመርሁ አየዋለሁ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሚያዝያ 28 ቀን 2013። ፋሲካ ባለፈው እሑድ ውሎ ስለነበር ጥብሱና ክትፎው ወደ ምግብ ዝርዝሩ ተመልሷል፤ ረመዳንም ስላልወጣ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ አልነበሩም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሕወሓትና ሸኔ በአሸባሪነት እንዲሰየሙ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ በቴሌቪዥን እያየን ነበር። አዳራሹ ውስጥ እጆች ወጡ። ባለ ኮቱ ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው ተነሣ፣ የኮቱ እጅጌ ወደ ክንዳቸው ተንሸራተተ፣ ሰዓታቸው ታየ፣ እጃቸው ጆሯቸው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በላይ አልሄደም፤ ወዲያውም አልወረደም። አስተናጋጇ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርጋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አልመጣችም። እዚህ ላይ ነው የምቸገረው፤ ምክንያቱም ማክያቷቸው ገና መቅረቡ ነበር፤ አረፋው አልተነካም። ያልጠጣውን ማክያቶ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው አላውቅም። ደግሞ ሌላ ጊዜ ሳስበው፣ አረፋውን በእርግጥ አይቻለሁ ወይስ እሳቸው ከካዱ በኋላ ነው ያየሁት የመሰለኝ? ሒሳቡን ማን እንደከፈለም አላስታውስም። እሳቸው ወይም እኔ ነን፤ ሦስተኛ ሰው አብሮን አልነበረም።

ለአንድ እጅ ይህን ያህል መጨነቄ ሊያስቃችሁ ይችላል። ግን እጁ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለ ኮቱ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ የታሰሩትም በቀድሞው የሽብር ሕግ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 652/2001። ጥፋታቸው ደግሞ ያደረጉት ነገር አልነበረም፤ ያልተናገሩት ነገር ነው። የቀድሞ ተማሪያቸው ወደ ኤርትራ መሻገሩን እያወቁ ለፖሊስ አልጠቆሙም ተባሉ። ያ አዋጅ አንቀጽ 12 ነበረው፤ የሽብር ድርጊትን የሚያውቅ ሰው ሳይጠቁም ከቀረ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ አንቀጽ። ስለ አንቀጽ 6 በጋዜጠኞቹ ምክንያት ብዙ ተብሏል፤ የጻፍኸውን አንባቢ እንደ ቀጥተኛ ወይም ቀጥተኛ ያልሆነ ማበረታቻ ሊረዳው ይችላል ከተባለ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበርና። ከአዋጁ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ግን 12ኛው ነው። 6ኛው የሚጽፉ ሰዎችን ነው የሚነካው፤ 12ኛው ቡና የሚጠጣውን ሁሉ ይነካል። መምህርን ከተማሪው፣ ጎረቤትን ከጎረቤቱ ያጠባብቃል፤ ማንም ባይታሰርበት እንኳ ሥራውን ይሠራል። ባለ ኮቱ በ2010 አጋማሽ እንደ ሌሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት የተዘጋበት፣ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ ከ18 ዓመት ፍርዱ የተፈታበት ዘመን ነው። ያን ሕግ በቁጥር የሚያውቁ ሰው ናቸው እንግዲህ፤ እኔም አንቀጾቹን የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

በዚህ ሁሉ መኻል ሽብር የሚባል ነገር የለም ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲህ የሚሉትን አልወድም። በሚያዝያ 1999 አቦሌ ላይ፣ በሶማሌ ክልል የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ፣ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል፤ ጥቃቱን ያደረሰው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር፣ ኦብነግ ነበር። አዋጁ ሲወጣ የተሰጠው ምክንያት ባዶ አልነበረም። ግን አዋጁ የወጣው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ለ2002ቱ ምርጫ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ በዚያ ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። ሕጉ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ በአንድ ነገር ላይ ሁሉን መጫን ቀላል ነው። ሆኖም ጋዜጣ የሚጽፈው ታስሮ፣ ፓርቲ የሚመራው ታስሮ፣ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች በሚያዝያ 2006 ተይዘው በሽብር ተከስሰው፣ «መፍትሔ አፈላላጊ» ተብለው የተመረጡት የሙስሊም ኮሚቴ አባላት እስከ 22 ዓመት ተፈርዶባቸው፣ የቀረው ሰው ምርጫ ጣቢያ ሄዶ የሚመርጠው ምን ነበር?

ከዚያ ደግሞ ዝርዝሩ አለ። በሰኔ 2003 ምክር ቤቱ አምስት ድርጅቶችን በአሸባሪነት ሰየመ፤ ኦነግ፣ ኦብነግ፣ ግንቦት 7፣ አልቃይዳና አልሸባብ። በሰኔ 2010 ሦስቱን የአገር ውስጦቹን ያው ምክር ቤት ሰረዛቸው። የግንቦት 7 መሪ የነበሩት፣ በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ብርሃኑ ነጋ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። አዋጁን ያወጣው መንግሥት አውራ የነበረው ሕወሓት በ2013 ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ መጋቢት 13 ቀን 2015፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ፣ ወጣ፤ በማግስቱም ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ጌታቸው የዚያ አዋጅ እስረኞች በየእስር ቤቱ በነበሩበት ዘመን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሆነው መግለጫ ይሰጡ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በእስክንድር ላይ ደግሞ የሆነው ሌላ ነው፤ ከዓመታት በፊት በብዕሩ የታሰረው ሰው ኋላ ነፍጥ ያነሣ ኃይል መሪ ሆነ። ይህን ስናገር ማንንም ከማንም ማስተካከሌ አይደለም። ልክ ሆነው ሳለ ጥፋተኛ የተባሉም፣ ጥፋት እያላቸው ምሕረት ያገኙም አሉ። የምለው፣ አንድ ሰው ወደዚያ ዝርዝር የሚገባውና የሚወጣው በሠራው ሥራ ልክ እንዳልሆነ አይተናል ነው።

ሰኔ 11 ቀን 2010ን አስታወሳችሁ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው፣ ሰውን መግረፍና ጨለማ ቤት ማስቀመጥ የእኛ የመንግሥት አሸባሪነት ነው ያሉበት ዕለት ነው። ባለ ኮቱ ያን ቀን ኮታቸውን አወለቁ። እውነቴን ነው፤ የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ፣ «ኮቱ ወለቀ» የሚለው ቀልዳችን ከዚያ የመጣ ነው። መንግሥት በራሱ አፍ ሲያምን የሰማ ትውልድ ብርቅ ነው ብለው አለቀሱ። አዋጁ ግን ከዚያ በኋላም እስከ 2012 በሥራ ላይ ቆየ።

በአራተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን፣ ሰኔ 11 ቀን 2014፣ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። መንግሥትም ከጥቃቱ የተረፉትም ሸኔን ከሰሱ፣ ታጣቂው ቡድን አስተባበለ። ሁለቱን ቀኖች ያገናኘኋቸው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ስላገናኛቸው ነው፤ ሌላ ትርጉም አልሰጣቸውም። ግን የቶሌን ዜና በሰማሁ ዕለት ስለ አንቀጾች ማሰብ አልቻልሁም። በዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ትክክል ነው ብዬ ነው የዋልሁት፤ ያንን ስሜት ዛሬም ስህተት ነበር ለማለት አልደፍርም።

የባለ ኮቱም እጅ እንዲህ ተነሥቶ ይሆናል። የእኅታቸው ልጅ በሰሜን ዕዝ ነበር፤ ዕዙ በሕወሓት ከተጠቃበት ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እሳቸው በዚህ ጉዳይ አይናገሩም፤ እኔም አልጠይቅም። እንግዲህ ያ ሕግ ልጃቸውን ያለ አባት ያሳደገባቸው ሰው፣ ያን ሕግ ያወጣው ድርጅት በተራው ሲሰየም እጃቸውን ቢያነሡ ምን ይባላል? ፍትሕ? ብድር መመለስ? ኀዘን? ብድር መመለስ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያስቀይም ነገር ይቀልላል። ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም።

ብሔርተኝነት አደገ፣ አገር ወዳድነት አደገ እያልን በየመድረኩ እንከራከራለን፤ እኔ ያየሁት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የማይካድራ ጭፍጨፋና የአክሱም ጭፍጨፋ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው የሆኑት፤ ሁለቱንም በአንድ አረፍተ ነገር የሚያነሣ ሰው ግን ከዘመዶቼም ከጓደኞቼም መኻል አላገኘሁም። የአንዱን ያነሣ ስለ ሌላው ዝም ይላል፤ ሁለቱን ያነሣ ደግሞ «ሚዛን ለመጠበቅ ነው» ይባላል። ሁሉም የራሱን ሙት ቆጥሮ ሲጨርስ ስሙ ዝርዝር ላይ እንዲሰፍር የሚመኘው ቡድን አለው፤ ከመኖሪያ ቤቶቻችን የወጣው ይህ ምኞት ነው ምክር ቤት ገብቶ እጅ የሚሆነው። መንግሥት ያን ምኞት መፍጠር አይጠበቅበትም፤ ዝርዝሩን ማዘጋጀት ብቻ ነው ያለበት። ይህን ስል መንግሥትን ነፃ እያወጣሁ እንዳይመስላችሁ… ምኞቱን የሚቆሰቁሰው ማን እንደሆነም አይተናል። ሁለቱንም ማለት እፈልጋለሁ፤ እንዴት አንድ ላይ እንደሚባሉ ግን አላውቅም።

አዲሱ አዋጅ፣ 1176/2012፣ ከአሮጌው ይሻላል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ሽብር አይባሉም ይላል። ነገር ግን የመሰየሙ በር እንዳለ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ድምፅ ከተሰጠባቸውና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ፤ አቅራቢውም አጽዳቂውም አንድ ቤት ናቸው ማለት ነው። በዚያ ምክር ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይተቹ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት፣ አማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ተያዙ፤ ኋላም በሽብር ተከሰሱ። ይህን ለባለ ኮቱ የነገርኋቸው ቀን ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንቀጹ ስንት ነው?» አሉኝ። እኔ ስለ ሰውየው ስነግራቸው እሳቸው የጠየቁት ቁጥር ነው። ተናደድሁ። ኋላ ሳስበው፣ እሳቸው ቁጥሩን ካወቁ የእስሩን ርዝመት ያውቃሉ፤ ያዘኑትም በዚያ በኩል ይሆናል።

አንዲት አድማጭ፣ ታዲያ ዝርዝሩ ይቅር ነው የምትይው ብላ ጠይቃኛለች። በታንዛኒያ በ2015ም በ2016ም መንግሥት በአሸባሪነት ከሰየመው ከሸኔ ጋር ለድርድር ተቀምጦ ነበር፤ አልተሳካም። ነገ ተሳክቶ፣ ስማቸው ተሰርዞ፣ መሪዎቹ በአውሮፕላን ማረፊያ አበባ ቢቀበሉ፣ እኔ ጦርነት ከሚቀጥል ይሻላል እላለሁ። እላለሁ፤ ግን ቶሌ ላይ ልጆቿን የቀበረች ሴት በዚያ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ብትቀመጥ፣ ያ ሁሉ እጅ ሲነሣ አይታ፣ እሷን ማን ጠየቃት? በምክር ቤቱ ሥርዓት ሲሰየም ድምፅ አለ፣ ሲሰረዝም ድምፅ አለ፤ የእሷ የሚቆጠርበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ባለ ኮቱን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ ሕጉን ስለሚያውቁት። ግን አሁን ከእሳቸው ጋር እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት… ቢያንስ ይህን ክፍል እስኪሰሙት ድረስ፣ ወይም ደግሞ ባይሰሙት ይሻል ይሆናል፤ እህቴም ትደውልላቸው እንደሆነ እንጃ…